ስለ ቲቢ ሰፈር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጤና ጣቢያ ቲቢ ክፍል ውስጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ጥያቄ የሚበዛብኝ ግን ከክፍሉ ውጭ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ቡና ላይ። "አንተ እዚያ አይደል የምትሠራው?" ይሉኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ "አንድ ዘመዴ" ይጠይቁኛል። ዘመድየው ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው።

እነዚያን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ከዓመታቱ የተረፈኝ አንድ ነገር አለ። ምርመራው አለ፣ መድኃኒቱም አለ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። የሚያስቸግረን በሚያስለው ሰውና በአክታ ዕቃዋ መካከል ያለችው መንገድ ነች። እሷን የሚያሳጥራት ደግሞ ጎረቤት ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አስሎኛል። በቃ ቲቢ ይዞኛል ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ጉንፋን ያስላል፣ አስም ያስላል፣ ሲጋራ ያስላል፣ የማገዶ ጢስም ያስላል። ግን ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ማታ ማታ የሚያልብ ከሆነ፣ የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ትኩሳት እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ደረት ከወጋ ወይም አክታው ደም ከቀላቀለ ደግሞ ነገ አትበሉ። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ሁለት ሳምንቱን መጠበቅ የለበትም፤ ሳል እንደጀመረው ይሂድ።

ክብደት መቀነስም ምልክት ነው። ሚዛን ግን በየቤቱ የለም። እኔ ቀበቶ አያለሁ። አንድ ሰውዬ ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳቸውን ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሳይቶኛል። "ከፋሲካ ወዲህ ነው" አለኝ። እሱ ያሰበው ጾሙ እንደጎዳው ነበር።

ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያቃጥለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሽሮፕ፣ ቀጥሎ አሞክሳሲሊን፣ ከዚያ ሌላ ጠንከር ያለ እንክብል። ወር ያልፋል። በዚያ ወር ውስጥ አብሮት የሚያድረው ሁሉ ያንኑ አየር ይተነፍሳል።

እናቴ "ብርድ መቶህ ነው" ትላለች። ቲቢን ብርድ ያመጣዋል?

አያመጣውም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን እንዳገኘው በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። የዓለም የቲቢ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 የሚውለውም ለዚህ ነው።

የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍን ጀርሙ በጣም ደቃቅ በሆነ ጠብታ ወደ አየር ይወጣል። በር በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፎ ይቆያል። ሌላው ሰው ይተነፍሰዋል።

የተነፈሰ ሁሉ ግን አይታመምም። በዓለም ላይ ከአራት ሰው አንዱ ጀርሙን በሰውነቱ ይዞ እንደሚኖር ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ሰውነት ሲዳከም ጀርሙ ይነሳል። ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ የምግብ እጥረት፣ መጠጥ፣ ሲጋራ ያነሱታል። እና እናትን "ተሳስተሻል" ከማለት ይልቅ "እሺ፣ ብርዱንም ይዩልኝ" ብሎ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። እኔ በዚህ ዘዴ ስንት ሰው አምጥቻለሁ።

በስኒ፣ በማንኪያ፣ በጉርሻ ይተላለፋል?

አይተላለፍም። ስኒ አትለዩ። የሰው ልብ ከሚሰበርበት ነገር አንዱ ቤቱ ውስጥ የተለየች ሳህን ማየት ነው። ያለ ጥቅም ነው የሚሰበረው።

በታክሲስ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የሀገራችንን የመስኮት ጦርነት ስለሚነካ። ክረምት ላይ ከአያት ወደ መገናኛ በሚኒባስ የሄደ ሰው ያውቀዋል። አንዱ መስኮት ከፈት ያደርጋል። ከኋላ "ወንድም፣ ዝጋው፣ ንፋስ ነው!" ይባላል። ይዘጋል። መስታወቱ በትንፋሽ ይደበዝዛል። ጥግ ያለው ሰው ያስላል።

እውነቱን ለመናገር በአንድ የታክሲ ጉዞ ቲቢ የመያዝ ዕድል ትንሽ ነው። ቲቢ አብሮ መቆየትን ይፈልጋል። ዋናው ሜዳው መኝታ ቤት ነው። ስድስት የቀን ሠራተኛ ተጠጋግቶ የሚያድርባት የቆርቆሮ ክፍል፣ የእስር ቤት ክፍል፣ ተማሪ የታጨቀበት ማደሪያ። ያም ሆኖ መስኮቱን ክፈቱ። ለቲቢ ንጹሕ አየርን የመሰለ ርካሽ መከላከያ የለም። የፀሐይ ብርሃንም ጀርሙን ይገድለዋል። ብርዱን በነጠላ ተከላከሉት።

አክታ ስጥ ተብዬ ዕቃ ተሰጠኝ። እንዴት ነው የሚሰጠው?

ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አክታና ምራቅ አንድ አይደሉም። ምራቅ ቀጭንና አረፋማ ነው። አክታ ወፈር ይላል፣ ይለጠጣል፣ ነጣ ወይም ቢጫ ይላል፣ የሚመጣውም ከሳንባ ነው።

ጠዋት እንደተነሳችሁ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ፣ አፋችሁን በውሃ ብቻ ተጉመጥመጡ። ከቤት ወጥታችሁ ሰው የሌለበት ነፋሻ ቦታ ቁሙ፤ ጓሮ ጥሩ ነው። አየር በረጅሙ ስባችሁ ትንሽ ያዙና አውጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ አስሉ። የመጣውን ዕቃው ውስጥ ትፉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ክዳኑን አጥብቁ፣ ፀሐይ አታስነኩት፣ ቶሎ አድርሱት።

ይህን ያህል የምዘረዝረው የራሴ ጥፋት ስላለብኝ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የግንባታ ሠራተኛ መጣ። ወረፋው ጣሪያ ነክቶ ነበር። ዕቃውን ሰጠሁትና "ነገ ጠዋት አክታ ይዘህ ና" ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ። ይዞ የመጣው ምራቅ ነበር። ላቦራቶሪውም ያገኘውን መረመረ፤ "የለም" ብሎ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ ሚስቱ ደግፋው ተመለሰ። ልጃቸው አራት ዓመቷ ነበር፤ እሷም ማሳል ጀምራለች። ሁለቱም ታክመው ድነዋል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አክታ እንዴት እንደሚወጣ ራሴ እያሳልኩ ነው የማሳየው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

"የለም" ተብላችሁ ሳሉ ከቀጠለ ተመለሱ። አንድ ምርመራ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ጂንኤክስፐርት የሚሉት ምንድን ነው?

የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ ማሽን ነው። አክታው በትንሽ ካርትሪጅ ይገባና ሁለት ሰዓት አካባቢ ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ቲቢ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጀርሙ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም በእሱ የማይሞት መሆኑንም ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበረን ማይክሮስኮፕ ነው። ማይክሮስኮፕ ጀርሙ ብዙ ካልሆነ አያይም።

ማሽኑ የሌለው ጤና ጣቢያ ናሙናውን ወዳለበት ይልካል። የፖስታ አገልግሎት ሠራተኞች ናሙና ያመላልሳሉ ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እውነት ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ጠፋ፤ የአክታ ሳጥኑ ግን በፖስታ ይሄዳል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቴ እየመጣች "የሚያስል ሰው አለ?" ትላለች። ምን አገባት?

ጥያቄው በቁጣ ነው የሚመጣው፤ እኔም ረጋ ብዬ እመልሳለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያገባት እሷን ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር። በገጠር በየቀበሌው ጤና ኬላ ይኑር፤ ሁለት ሴቶች ይመደቡበት፤ እነሱም ከዚያው አካባቢ የወጡ ይሁኑ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። አንድ ጤና ኬላ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው። መጀመሪያ ሥራቸው ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ነበር። ቲቢን እነሱ ይችሉታል ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

ሲዳማ አሳየን። ያኔ ገና ዞን ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አካባቢ አንድ ሥራ ተጀመረ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሚያስለውን ጠየቁ። አክታውን እዚያው ተቀበሉ። ላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ በሚያይባት ትንሽ መስታወት (ስላይድ) ላይ ቀብተው አደረቁት። ተቆጣጣሪዎች በሞተር ሳይክል እየዞሩ መስታወቱን ሰብስበው ላቦራቶሪ አደረሱ። የተገኘበትን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ሕክምና አስጀመሩት። በሽተኛው መንገድ አልወጣም፤ የወጣችው መስታወቷ ነች።

ውጤቱን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። በአክታ ምርመራ የተገኙ ሕሙማን በዓመት ከ100,000 ሰው 64 የነበሩት 127 ደረሱ። እጥፍ ማለት ነው። ሕክምናቸውን በስኬት የጨረሱት ደግሞ ከ77 በመቶ ወደ 93 በመቶ ወጡ። በሽታው አልጨመረም። ሰዎቹ ድሮም ነበሩ፤ ቤታቸው እያሳሉ። አቅመ ደካማ አዛውንት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ የትራንስፖርት የሌለው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 እና 2011 በመላ አገሪቱ የመጀመሪያው የቲቢ ስርጭት ጥናት ተካሂዷል። ጥናቱ ካገኛቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። ጤና ጣቢያ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ የማይመጣው ሰው ይህ ነው።

ስለዚህ በሩን ስታንኳኳ ቡና ጋብዟት። በቀን የምታንኳኳውን በር ብዛት እኔ አውቃለሁ፤ ጫማዋንም አይቻለሁ።

ስንት ነው የሚያስከፍለው?

በመንግሥት ተቋም የአክታ ምርመራውም መድኃኒቱም ነጻ ነው። ሰው የሚደኸየው በትራንስፖርት፣ በተቋረጠ የቀን ሥራና ከመመርመሩ በፊት በየክሊኒኩ በጨረሰው ብር ነው።

ነጻ ሲባል ግን የሚከፍል አለ። ከፍ ያለው ገንዘብ ለዓመታት ከግሎባል ፈንድና ከአሜሪካ እርዳታ ሲመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚነካው መድኃኒቱ አይመስለኝም። የሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ነው።

መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ድኛለሁ። ለምን ስድስት ወር?

ድናችኋል ማለት ይከብዳል፤ ተሽሏችኋል። ልዩነት አለው።

የተለመደው ሕክምና እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል፤ አራቱም በአንድ እንክብል ተቀናብረው። ከዚያ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚራባው ጀርም ይረግፋል። ሳሉ ይቆማል፣ ላቡ ይቀራል፣ ሽሮው መጣፈጥ ይጀምራል። ግን የተኛ ጀርም አለ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው፣ ቀስ ብሎም ነው የሚሞተው። አራቱ ወር ለእሱ ነው።

አንድ መድኃኒት ብቻውን ለምን እንደማይሰጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ሲገኝ ሕሙማኑ ተነስተው መሄድ ጀመሩ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየ። ጀርሙ ተላመደውና ብዙዎቹ መልሰው ወደቁ። ሁለት ወር ውጦ የሚያቋርጥ ሰውም ለጀርሙ ያንኑ ትምህርት ነው የሚሰጠው።

ሰው የሚያቋርጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወይም ሁመራ ይሄዳል። እህቱ ታማ አገር ቤት ይወርዳል። ሥራ ቦታ ፈቃድ ያጣል። የምትሄዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የቲቢ ክፍሉን የዝውውር ወረቀት ጠይቁ። መድኃኒቱን ከምትደርሱበት ጤና ጣቢያ ትቀጥላላችሁ። የመንገዱንም ይሰጧችኋል።

ሽንቴ ቀይ ሆነ! ደም ነው?

ሪፋምፒሲን ነው። ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ላብና እንባም ሊቀየር ይችላል። አትደንግጡ። ነጭ ሸሚዝ ግን ተጠንቀቁ።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረና ማስታወክ ካለ ጉበት ነው፤ በዚያው ቀን ሂዱ። ዓይን ከደበዘዘ ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት ካስቸገረ ኢታምቡቶል ሊሆን ይችላል። እግር ከተቃጠለና ከደነዘዘ ቫይታሚን ቢ6 ይሰጣችኋል። አረቄና ጠላው ለስድስት ወር ይረፍ።

ለሴቶች አንድ ነገር፤ በደንብ አይነገርም። ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ እንክብልና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማል። ቲቢ ክፍል ስትገቡ የምትጠቀሙትን ተናገሩ። የምታጠቡ ከሆነ ማጥባት አታቁሙ።

መድኃኒቱን በየቀኑ ሰው ፊት መዋጥ ግዴታ ነው? ሕፃን ነኝ እንዴ?

ይህ አሠራር ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአርሲና በባሌ በሙከራ ነው። መነሻው ንቀት አይደለም። ስድስት ወር በየቀኑ እንክብል መዋጥ ለማንም ይከብዳል። እኔ ራሴ የአሥር ቀን አንቲባዮቲክ ጨርሼ አላውቅም።

አሁን ብዙ ቦታ በየቀኑ ጤና ጣቢያ መመላለስ ቀርቷል። ደጋፊ ትመርጣላችሁ። የቤተሰብ ሰው፣ ጎረቤት፣ ወይም ጤና ኬላ ያለችው ሠራተኛ ትሆናለች። ጥሩ ደጋፊ የሚቆጣ አይደለም። አንዲት የመርካቶ ነጋዴ ለጎረቤት ሱቅ ልጅ ደጋፊ ሆና ታውቃለች። በየጠዋቱ ሱቅ ሲከፍቱ ውሃ ይዛለት ትመጣለች፤ ይውጣል፤ ካርዱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ገበያቸው።

ጠበል ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱን ላቁም?

አታቁሙ። ጠበሉንም አትተዉ። ኤችአይቪ መድኃኒት በመጣበት ሰሞን ይህ ትልቅ ጭንቀት ነበር። አቡነ ጳውሎስ ያኔ ሁለቱ እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። ለቲቢም ያው ነው። ጠበል ቦታ የምትቆዩ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦታው ላይ በተጨናነቀ ክፍል የሚያድር ብዙ ሰው ስላለ እያሳላችሁ አብራችሁ አትደሩ። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ማርም ደስ ካላችሁ ብሉ። ብቻቸውን ግን ቲቢን አያድኑም።

እኔ ታመምኩ። ቤተሰቤ ለምን ይመረመራል?

አብሯችሁ ያንን አየር ስለተነፈሰ። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ኤችአይቪ ያለባቸው። የሚያስል ካለ ይመረመራል። ቲቢ የሌለበት ደግሞ የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ድሮ አይሶናያዚድ ስድስት ወር በየቀኑ ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ አለ። ሰው "ሳልታመም ለምን እውጣለሁ?" ይላል። ጀርሙ ተኝቶ ሳለ መያዝ ከተነሳ በኋላ ከመያዝ ይቀላል።

ክንዳችን ላይ ያለችው የቢሲጂ ጠባሳስ? ቢሲጂ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ያለ ክትባት ነው። ሕፃናትን ከአንጎል ሽፋን ቲቢና ከመሰል ከባድ ዓይነቶች ይጠብቃል። ለአዋቂ የሳንባ ቲቢ ግን አትመኩበት።

አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። አያልበኝም፣ አያስለኝም። ይህም ቲቢ ሊሆን ይችላል?

አዎ። የእጢ ቲቢ ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ከሳንባ ውጭ የሚወጣው ቲቢ እኛ ጋ ከሌሎች ብዙ አገሮች ይበዛል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምም፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አንዳንዴ ይፈነዳል። በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እባካችሁ በጋለ ብረት አታስተኩሱት።

ሰው ቶሎ ጥሬ ወተትን ይጠረጥራል። የከብት ቲቢ በወተት ሊመጣ ይችላል፤ ወተት አፍሉ። ነገር ግን እዚህ በተደረጉ ምርምሮች እጢ ውስጥ የተገኘው በአብዛኛው ያው የሰው ቲቢ ነው። እግረ መንገዴን፦ ከዓለም የቲቢ ጀርም ዝርያዎች "ሰባተኛው" የሚባለው ወልድያ አካባቢ ነው ተለይቶ የታወቀው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። የሚያኮራ አይደለም፤ ግን የእኛ ነው።

ቲቢ ያለበት ሁሉ ኤችአይቪ አለበት?

የለበትም። ብዙዎቹ የለባቸውም። ኤችአይቪ ትመረመራላችሁ፤ ካለ ሁለቱ ሕክምና አብሮ መሄድ ስላለበት ነው። ሐሜቱ ግን ከምርመራው ይቀድማል። ሰው ክብደት ሲቀንስ ሰፈር ወስኖለት ያድራል።

አከራዬ ካወቀ ያስወጣኛል። ልንገረው?

የመንገር ግዴታ የለባችሁም። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዳችሁ ከሆነና ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ካልሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ካለፉ በኋላ የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። እስከዚያ ብቻችሁን ተኙ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ስታስሉ አፍ በመሐረብ ወይም በክርን ሸፍኑ። አከራይን የሚያሰጋው ያልተመረመረው ተከራይ ነው፤ የተመረመረው አይደለም። ይህን ለአንድ አከራይ ነግሬያቸው "እንግዲያው እኔንም መርምረኝ" ብለው አብረውኝ መጥተዋል።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይድናል?

ይድናል። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕክምናውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ያኔ ከ20 ወር በላይ ይወስድ ነበር። ወራት ሙሉ በየቀኑ መርፌ ነበረው፤ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ድኖ መስማት የተሳነው ወጣት አውቃለሁ። አሁን ለብዙ ሕሙማን ያለ መርፌ በስድስት ወር የሚያልቅ ሕክምና አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያን ይህ ችግር ከሚበረታባቸው አገሮች ዝርዝር አውጥቷታል። በጠቅላላው ቲቢ ግን አሁንም ከ30ዎቹ አንዷ ነን።

ዲቪ ደርሶኛል። ድሮ ቲቢ ታክሜያለሁ። ይከለክሉኛል?

ለአሜሪካ መታከም አይከለክልም። 15 ዓመት የሞላው ሁሉ የደረት ራጅ ይነሳል። ራጁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ሦስት ጊዜ አክታ ይወሰዳል፤ ጀርሙም እስኪበቅል ይጠበቃል። ይህ ሁለት ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ ቀጠሮውን አታዘግዩ። ቲቢ ከተገኘ ታክሞ መጨረስ ነው፤ ከዚያ በቲቢ በኩል የሚከለክል ነገር አይኖርም።

የገልፍ አገሮች ጠበቅ ይላሉ። የዳነ ሰው ሳንባ ላይ የቀረ ጠባሳ ብቻውን "ብቁ አይደለችም" ሊያስብል ይችላል። ስንት እህቶቻችን ድነው ሳለ በዚህ ቀርተዋል። ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሌላ ሰው ራጅ አስገባልሻለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ ግን አትስሙት። እዚያ ደርሳችሁ በድጋሚ ትመረመራላችሁ።

ዕድራችን አንድ ነገር ማድረግ ይፈልጋል። ምን እናድርግ?

ስብሰባ አትጥሩ፤ ያላችሁ ስብሰባ ይበቃል። አንድ ዕድር ያደረገውን ልንገራችሁ። ወርኃዊ መዋጮ ሲሰበሰብ ስም ይጠራል። ሊቀመንበሩ ስም ጠርተው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ "ቤትዎ ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው አለ?" ማለት ጀመሩ። በቃ ይኸው ነው። "አለ" ያለ ሰው የጤና ኤክስቴንሽኗ ስልክ ይሰጠዋል። ምርመራ ለሚሄድ የታክሲ ከዕድሩ ሣጥን።

መጀመሪያ ወር ማንም "አለ" አላለም። ሁለተኛው ወር ላይ አንዲት እናት ልጃቸውን ተናገሩ። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ሦስት ሰው ተከተለ። ከሦስቱ አንዱ መዝገቡን የያዙት የዕድሩ ጸሐፊ ነበሩ። የራሳቸውን ስም ጠርተው "አለ" ብለው ጻፉ።